ሠርጓን ራሷ የምታሰናዳ ሙሽራ



በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጉዳይ ዛሬ ባይሆን ነገ ብዙዎቻችሁን የሚነካ ነው። ይኸውም አንዲት የታጨች ልጅ በሠርጓ ዝግጅት ውስጥ ምን ድርሻ ሊኖራት ይገባል የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በብዙ ቤት ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ዕዳና ቅሬታ የሚቀሩት ይህ ጥያቄ በጊዜው ስላልተነሣ ነው።

አስቀድመን የቀድሞውን እናስታውስ። በአያቶቻችን ዘመን በብዙ አገር ሽማግሌ ይላካል፣ ወላጆች ይመካከራሉ፣ ጥሎሹ ይወሰናል፣ ቀኑ ይቆረጣል። ሙሽራዋ ግን ፊቷን ተሸፍና ከመቀመጥ በቀር የምትናገረው አልነበራትም። ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሠርጋቸው ቀን ያዩ እናቶች ብዙ ናቸው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ዕድሜውን ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጎታል፤ የሁለቱንም ነጻና ሙሉ ፈቃድ ይጠይቃል። እንግዲህ በሕግም በሃይማኖትም ፈቃዷ የሚጠየቅ ልጅ፣ እሺ ካለች በኋላ ስለ ሠርጓ አትጠየቅም ማለት ተገቢ አይደለም።

ዛሬ ደግሞ በተለይ በከተማ ሌላ ችግር ይታያል። ሙሽራዋ ትመርጣለች፤ የምትመርጠው ግን ብዙ ጊዜ የጓደኛዋን ሠርግ ነው። የጓደኛዋ ሚዜዎች ስድስት ከነበሩ የእርሷ ስምንት ይሆናሉ። የጓደኛዋ ኬክ ባለ አራት ደርብ ከነበረ የእርሷ ባለ አምስት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሠርግ የራሷ ነው ማለት አይቻልም። ቀድሞ ወላጅ ወሰነላት፤ አሁን ደግሞ ጎረቤት ወሰነላት ማለት ነው።

ታዲያ ሠርግ የሙሽራዋ የራሷ የሚሆነው መቼ ነው? በዕለቱ ስለሚደረገው ስለ እያንዳንዱ ነገር «ይህ ለምን ኖረ?» ተብላ ስትጠየቅ ምክንያቱን መናገር ስትችል ነው። «ትርጉሙ ገብቶኛል» ብትል መልካም ነው። «የምወዳቸውን ሰዎች ስለሚያስደስት ነው» ብትልም መልካም ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ግን ፍርሃት እንጂ ምክንያት አይደለም። በዚህ መመዘኛ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች እንመልከት።

1. ቀኑን ስለ መምረጥ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ሠርግ በጾም ወራት አይደረግም። ጥር የሠርግ ወር የሆነውም ስለዚህ ነው። የነቢያት ጾም በልደት ይፈታል፤ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ደግሞ ጌታ በሠርግ ቤት የተገኘበት የቃና ዘገሊላ በዓል ይውላል። ነገር ግን የጥር መጨረሻና የካቲት መጠንቀቅን ይጠይቃሉ። ጾመ ነነዌ እንደ ዓመቱ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ቀኑ ያለፈባቸው እጮኞች እስከ ፋሲካ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ አዳራሽ ከመያዝና ጥሪ ከማሳተም በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ ማየት፣ የንስሐ አባትንም ማማከር ያስፈልጋል።

2. ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዐት

ሙሽራዋ እንደ ልቧ የምትለዋውጠው ነገር እንዳለ ሁሉ የማትለውጠውም አለ። ሥርዐተ ተክሊል የሚፈጸመው በድንግልና ለኖሩ ሙሽሮች ነው። ሌሎችም በንስሐ ተመልሰው በቅዱስ ቁርባን ይጋባሉ። ጸሎቱን ማሳጠር፣ ቅደም ተከተሉን ማዛወር የማንም ሥልጣን አይደለም። የሙሽራዋ ድርሻ ትርጉሙን ማወቅ ነው። ቀለበቱ ስለ ምን እንደሚደረግ፣ አክሊሉ ስለ ምን እንደሚደፋ አስቀድማ የተማረች ሙሽራ ያንን ሰዓት ፎቶግራፍ አንሺውን በማየት አታሳልፈውም። ደግሞም ለቁርባን 18 ሰዓት እንደሚጾም መርሳት የለባትም። ሌሊቱን በጸጉር ሥራ ስትንገላታ ያደረች፣ ያልበላችና ያልተኛች ሙሽራ በቅዳሴው ላይ ትዝላለች። ስለዚህ የዋዜማው ዕለት የዕረፍት ቀን እንዲሆን አስቀድማ ብታስብበት ይጠቅማታል።

ከዚህም ጋር በሃይማኖት ሥርዐትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ መዝገብ መመዝገብ እንዳለበት ማወቅ ይገባል። ይህ ወረቀት በድግሱ ግርግር ተረስቶ በኋላ ሚስትን ሲያስቸግር ይታያል።

3. ስለ ወጪው

ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ የሚጀምር ሰው ወጪውን አስቀድሞ እንዲያሰላ በምሳሌ አስተምሯል። ሠርግም እንደዚሁ ነው። ለስሌት እንዲመች ለአንድ እንግዳ 1,000 ብር ይወጣል እንበል። 300 ሰው ቢጠራ 300,000 ብር ይሆናል። ሁለቱ እጮኞች በወር 10,000 ብር የሚቆጥቡ ቢሆኑ ይህ የ30 ወር ቁጠባቸው ነው። 150 ሰው ቢጠሩ ግን 15 ወር ይበቃቸዋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ስም በብር ብቻ ሳይሆን በጊዜም እንደሚቆጠር ከዚህ እንረዳለን። በብድር የተደገሰ ድግስ በአንድ ቀን ይበላል፤ ብድሩ ግን የመጀመሪያውን ልጅ ክርስትና አልፎ ሊሄድ ይችላል።

በአገራችን «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይባላል። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ደርቆ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ መድረስ አለበት፤ ጠጁም ሳምንታት ይፈልጋል። በመጨረሻው ሳምንት የሚገዛ ሁሉ በእጥፍ ይገዛል። ስለዚህ ሙሽራዋ አንድ ደብተር ትያዝ። በአንድ በኩል የሚሠራውን፣ በሌላው በኩል የሚሠራውን ሰው፣ በሦስተኛው ቀኑን ትጻፍበት። እድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሳሕን ካለው ከመከራየት በፊት ይጠየቅ።

4. ስለ ልብሱና ስለ ዜማው

ቬሎ መልበስ ኃጢአት አይደለም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ለአንድ ቀን ተከራይተን የምንመልሰው ልብስ ነው። የሀበሻ ቀሚስ ግን በጥምቀት፣ በፋሲካ፣ በልጅ ክርስትናም ይለበሳል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ወይም በየአገሩ ካለ ሸማኔ ዘንድ አስቀድማ ያዘዘች ልጅ የጥበቡን ቀለምና ዓይነት ራሷ ትመርጣለች። የእናቷን ነጠላ ጥለት የሚመስል ጥለት ብታሠራ፣ ያ ልብስ ከማንም ሠርግ የተቀዳ አይሆንም። መዝሙሩንም የሰንበት ትምህርት ቤቷ ጓደኞች ሊያዘጋጁላት ይችላሉ። እነርሱ በፍቅር የሚያደርጉትን በገንዘብ መግዛት ለምን ያስፈልጋል?

5. ከቤተሰብ ጋር ስለ መነጋገር

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ልጅቱ 150 ሰው ስትል እናት 400 ትላለች። ብዙ ልጆች በዚህ ጊዜ «እማዬ ትርፍ ነገር ትወዳለች» ይላሉ። ይህ ግን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። እናትየው ዕድሜዋን ሙሉ በጎረቤት ሠርግ እንጀራ ስትጋግር፣ ወጥ ስትሠራ፣ በሐዘን ቤት ስትቀመጥ ኖራለች። የእርሷ ዝርዝር የብድር መመለሻ ዝርዝር ነው። ልጅቱ ይህን ሳትረዳ ስም ብትሰርዝ የምትሰርዘው የእናቷን ክብር ነው።

ስለዚህ ደብተሯን ይዛ ትቀመጥና እንዲህ ትበል፦ «እማዬ፣ ያለን ገንዘብ ይኸው። ሳንበደር ልንደግስ እንፈልጋለን። የእድር ጎረቤቶችሽን በመልሱ ዕለት እዚሁ ግቢ ብንጠራቸውስ?» መልስ የሙሽራዋ ቤተሰብ ድግስ ስለሆነ እናትየው በቤቷ ባለቤት ሆና ታስተናግዳለች። ቅልቅሉም የሙሽራውን ወገን ያስተናግዳል። ሁሉን ሰው በአንድ አዳራሽ መጨናነቅ አያስፈልግም። አባትም በሬ ሸጠው ወይም ተበድረው ለመደገስ ቢነሡ፣ «አባዬ፣ ምርቃትዎ ይበቃኛል» ማለት አለማክበር አይደለም።

ሙሽራውም በዚህ ሁሉ ሊጠፋ አይገባውም። ሠርጉን ማሰናዳት ሁለቱ ሰዎች አብረው የሚሠሩት የመጀመሪያው የቤት ሥራ ነው። «ይህን አንችልም» ስትለው እንዴት እንደሚመልስላት፣ የእርሱ ወገን ሲጫናት ከማን ጋር እንደሚቆም በእነዚህ ወራት ይታያል። እርሷም የእርሱን አሳብ ትሰማ እንደሆነ እርሱ ያያል። በዚህ ጊዜ መነጋገር የለመዱ ሁለት ሰዎች በኋላም ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ትምህርት ቤት ለመነጋገር አይቸገሩም።

በቃና ሠርግ ቤት የወይን ጠጅ ሲጎድል እመቤታችን ጉድለቱን አይታ ለልጇ ነገረችው እንጂ ባለ ሠርጎቹን አላሳፈረቻቸውም። እኛም ወደ ሠርግ ስንጠራ ሳሕን ቆጣሪዎች አንሁን። «ድግሱ ቀጭን ነበር» የምትለው አንዲት ቃል ለሚቀጥለው ሙሽራ ዕዳ ትሆናለች። አስተዋይ ሙሽራ እንድትኖረን ከፈለግን አስተዋይ እንግዶችም መሆን አለብን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦

ሀ. በአካባቢያችሁ በሚደረግ ሠርግ «ሰው ምን ይለኛል» ተብሎ ብቻ የሚደረገው ነገር የትኛው ነው?

ለ. እናትና ልጅ በእንግዳ ቁጥር ባይስማሙ ሁለቱንም የሚያስከብር ምን መፍትሔ ይገኛል?

ሐ. የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላት ለምታገባ እኅታችን ገንዘብ ሳያወጡ ምን ሊያደርጉላት ይችላሉ?