ተማሪው ራሱ መርጦ ያንብብ፦ የሁለተኛ ደረጃ የንባብ መርሐ ግብር በቤተ መጻሕፍት በኩል እንዴት ይመራል?

በዴንቨርና በአውሮራ የሚያድጉ ብዙ ልጆቻችን ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ንባብ ማለት ለፈተና የታዘዘ ምዕራፍ ብቻ ይሆንባቸዋል። መጽሐፉን የሚመርጠው መምህሩ፣ ጥያቄውን የሚያወጣው መምህሩ ነው፤ ልጁ መልስ ፍለጋ ገጽ ይገልጣል። በዚህ መንገድ ፈተና የሚያልፍ ተማሪ ይወጣል። በራሱ ፍላጎት መጽሐፍ የሚያነሳ ሰው እንዲወጣ ግን ምርጫው ወደ ተማሪው እጅ መግባት አለበት። የሚከተለው አሠራር ለትምህርት ቤት ላይብረሪያን፣ ለቋንቋ መምህራንና በኮሚኒቲያችን የቅዳሜ ትምህርት ለሚያስተባብሩ በጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች
• በየትምህርት ቀኑ የማይነካ 20 ደቂቃ
• ለእያንዳንዱ ተማሪ የላይብረሪ ካርድ
• ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ የመመዝገቢያ ወረቀት
• ከተማሪዎቹ ቁጥር በብዙ የሚበልጡ መጻሕፍት
• እያነበበ የሚያስነብብ አንድ አዋቂ

1. ሰዓቱን አስከብሩ
20 ደቂቃው ለማስታወቂያ፣ ለቤት ሥራ ወይም ለስልክ አይሰጥም። አዋቂውም በዚያ ሰዓት ወይ ያነባል፣ ወይ ከአንድ ተማሪ ጋር ስለ መጽሐፉ ያወራል። ወረቀት የሚያርም መምህር ፊት ተቀምጦ አንብብ የተባለ ልጅ ነገሩን ከምር አይወስደውም።

2. ካርድ አውጡላቸው
የዴንቨር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ለኮሎራዶ ነዋሪ ሁሉ በነጻ ይሰጣል፤ የአውሮራ ልጅም ሊያወጣው ይችላል። ለምዝገባ የሚጠየቀውን ማስረጃ አስቀድማችሁ አጣሩ። ዴንቨር ከ2019 ጀምሮ መጽሐፍ ላዘገየ የሚከፈለውን ቅጣት አንስቷል፤ የጠፋ መጽሐፍ ግን ያስከፍላል። ይህን ለወላጆች በአማርኛ ንገሯቸው፤ ቅጣት ፈርተው ልጃቸውን “መጽሐፍ ይዘህ እንዳትመጣ” የሚሉ አሉና።

ቀጥሎ አንድ ቀን ወስዳችሁ ዳውንታውን ያለውን ዋናውን ቤተ መጻሕፍት አሳዩአቸው። በ1956 የተሠራውና በ1995 በአርክቴክት ማይክል ግሬቭስ ንድፍ የተስፋፋው ሕንፃ ከሥነ ጥበብ ሙዚየሙ አጠገብ ነው። ከአውሮራ በኮልፋክስ የሚመጣው 15 ቁጥር አውቶቡስ ብሮድዌይ ላይ ያወርዳል፤ ከዚያ ሲቪክ ሴንተር ፓርክን ተሻግሮ መግባት ነው። 19 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ወጣቶች በአርቲዲ አውቶቡስና ባቡር በነጻ ስለሚጓዙ የትራንስፖርት ወጪ አያሳስብም። መንገዱን አንዴ የለመደ ልጅ ሌላ ጊዜ ብቻውን ይሄዳል።

3. ምርጫውን አስፉ
ጠረጴዛው ላይ ወፍራምና ቀጭን፣ ልብ ወለድና እውነተኛ ታሪክ፣ በሥዕል የተተረከና በግጥም የተጻፈ ይቀላቀል። ማንበብ ለሚሰለቸው ልጅ የጄሰን ሬይኖልድስ “ሎንግ ዌይ ዳውን” ይሆነዋል፤ በግጥም ስለተጻፈ ገጹ ቶሎ ያልቃል። ቅርጫት ኳስ ለሚወድ የክዋሜ አሌክሳንደር “ዘ ክሮስኦቨር” አለ። ገና ለመጡ ተማሪዎች በዴንቨሩ ሳውዝ ሃይስኩል የነበሩ አዲስ መጤ ተማሪዎችን ተከታትሎ የተጻፈው የሄለን ቶርፕ “ዘ ኒውካመርስ” የራሳቸውን ከተማ ያሳያቸዋል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የዲናው መንግሥቱንና የመዓዛ መንግሥቴን ልብ ወለዶች ጨምሩ፤ ለአዋቂ የተጻፉ ስለሆኑ አስቀድማችሁ አንብቧቸው።

የፈለጋችሁት መጽሐፍ ከሌለ እንዲገዛ ወይም ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲመጣ ጠይቁ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ለልጆች የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ አለመኖሩን አይቶ ዝም አላለም። የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። የእኛ ጥያቄ አንድ ቅጽ ከመሙላት አያልፍም።

4. መጻሕፍቱን አስቀምሷቸው
በመጀመሪያው ሳምንት በየጠረጴዛው ስድስት ስድስት መጽሐፍ አስቀምጡ። ተማሪው አንዱን አንስቶ ሽፋኑን፣ ጀርባውንና የመጀመሪያውን ገጽ ለሦስት ደቂቃ ያያል፤ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራል። የወደዳቸውን ርዕሶች ይጽፋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሁሉም አንድ መጽሐፍ ተውሶ ይውጣ፤ “ነገ እወስዳለሁ” ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ ሳይወስድ ይቀራል።

5. ግቡን በልጁ ልክ ስፉ
ለሁሉም እኩል የገጽ ቁጥር አትስጡ። አሜሪካዊቷ መምህርት ፔኒ ኪትል የምትጠቀምበት ስሌት ቀላል ነው። ተማሪው በተለመደ ፍጥነቱ 10 ደቂቃ ያንብብና ገጹን ይቁጠር። በ6 ሲባዛ የአንድ ሰዓት፣ ያ በ2 ሲባዛ የሳምንት ግቡ ይሆናል። በ10 ደቂቃ 4 ገጽ ያነበበ ልጅ በሰዓት 24፣ በሳምንት 48 ገጽ ይጠበቅበታል። መጽሐፍ ሲቀይር እንደገና ይለካ፤ የአማርኛው ከእንግሊዝኛው ለብቻ ይቆጠር።

6. አምስት ደቂቃ አውሩት
የመርሐ ግብሩ ልብ ይህ ነው። እያንዳንዱን ተማሪ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ አግኙት። “መጽሐፉ እንዴት ነው?” ካላችሁ መልሱ “ጥሩ ነው” ሆኖ ይቀራል። “ሎንግ ዌይ ዳውን”ን የምታነብ ተማሪን እንዲህ ብትጠይቁ ግን ወሬው ይቀጥላል፦

— የት ደረስሽ? ማን ምን እያደረገ ነው?
— ወንድሙ ተገድሎበታል። ሊበቀል ሽጉጥ ይዞ ሊፍት ውስጥ ገብቷል።
— አንቺ እዚያ ብትኖሪ ምን ትይዋለሽ?
— “ቆይ” እለው ነበር። ግን የሚሰማኝ አይመስለኝም።
— ለምን?

እዚህ ላይ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ እንድታስብ ጊዜ ስጧት። በመጨረሻ ቀኑን፣ የመጽሐፉን ርዕስ፣ ገጹን፣ ከተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገርና ለሚቀጥለው የምታነበውን መዝግቡ። ከዚህ የበለጠ ወረቀት አያስፈልግም።

7. መተውንም ፍቀዱ
የሲያትል የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረችው ናንሲ ፐርል ለመጽሐፍ 50 ገጽ ዕድል ስጡትና ካልያዛችሁ ተዉት ትላለች። ይህን ደንብ አድርጉት። ሦስት መጽሐፍ አከታትሎ የተወ ልጅ ግን ቅጣት ሳይሆን እርዳታ ይፈልጋል። መጽሐፉ ከብዶት ይሆናል፤ ወይም የሚወደውን ገና አላገኘም።

8. አማርኛውም ጆሮውም ይቆጠርለት
በአማርኛ የተነበበ ገጽ እንደ እንግሊዝኛው እኩል ይመዝገብ። ኮሎራዶ በ2017 ባወጣችው ሕግ እንግሊዝኛንና ሌላ ቋንቋን በብቃት ለሚያውቅ ተመራቂ በዲፕሎማው ላይ የሁለት ቋንቋ ማኅተም የሚሰጥበት መንገድ አለ፤ ትምህርት ቤታችሁ ለአማርኛ እንዴት እንደሚመዝን ካውንስለሩን በጊዜ ጠይቁ።

በድምፅ የተቀረጸ መጽሐፍ መስማትም ንባብ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቶ ነው። የእንግሊዝኛውን ሊቢ በተባለው መተግበሪያ በኩል በላይብረሪ ካርድ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ፊደል ገና ለሚያስቸግረው ልጅ አያቱ አጠገቡ ተቀምጠው መጽሐፉን ቢያነቡለት፣ እሱም መስመሩን በጣቱ ቢከተል የዕለቱ 20 ደቂቃ ተሟላ።

9. ሳትፈትኑ መዝኑ
በመጽሐፉ ላይ ፈተና ካወጣችሁ ልጁ ለፈተናው ሲል ወደ ማንበብ ይመለሳል። በተርሙ መጨረሻ ተማሪው መዝገቡን ይዞ ይቅረብ፤ ስንት ገጽ እንዳነበበ፣ የቱ መጽሐፍ እንደከበደው፣ የቱን ጓደኛው እንዲያነብ እንደሚመክር ይናገር። ነጥብ የግድ ከሆነ ለመጽሐፉ ክብደት ሳይሆን የራሱን ግብ ለመድረሱ ስጡት።

ለወላጆች አንድ ቃል አለን። እናንተ በፈረቃ ሥራ ተወጥራችሁ ከልጃችሁ ጋር ለመቀመጥ ጊዜ ቢያጥራችሁ እንኳ፣ እራት ላይ “ዛሬ ያነበብከውን እስቲ ንገረኝ” ማለት ትችላላችሁ። ቀጭን መጽሐፍ ወይም በሥዕል የተተረከ ታሪክ ይዞ ቢመጣ “ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ነው?” አትበሉት፤ ያ መጽሐፍ ወደሚቀጥለው ያደርሰዋል። ትምህርት ቤታችሁ ይህ መርሐ ግብር ከሌለው በመጪው የወላጆች ስብሰባ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ። በቀን 20 ደቂቃና የሚያዳምጠው አንድ አዋቂ ለልጃችን አይበዛበትም።