ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ተማሪዎች ሆይ፤ የመንግሥት መልእክተኛ ማለት በባዕድ አገር ስለ መንግሥቱ የሚናገር ሰው ነው። ዛሬ የምናነበው መልእክተኛ አስቀድሞ የመድፍ መኮንን ነበሩ።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኰንን ቤት ተቀመጡ፤ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ በሆነ ጊዜም ገና የ12 ዓመት ልጅ ያህል ሳሉ ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩስያ ተላኩ። በዚያም ከ10 ዓመት በላይ ተቀምጠው በፒተርስቡርግ ከተማ የመድፍን ትምህርት ፈጽመው መኮንን ሆኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የጨርጨር ገዥ በነበሩ ጊዜ ዛሬ ጭሮ የሚባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውንም የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው። ፋቡላ የተባለውንም ቴአትር ጽፈዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን በዤኔቭ ጠበቃቸው። ኢትዮጵያ ከመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ነበረች። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ውጊያ ከሆነ በኋላ ጉዳዩ ወደ ማኅበሩ ቀረበ፤ የኢትዮጵያም መልእክተኛ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ነሐሴ 29 ቀን የኢጣልያው መልእክተኛ ባሮን አሎይዚ ኢትዮጵያ በማኅበሩ ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ረዥም ክስ አቀረበ። በማግሥቱ የኢትዮጵያ የሕግ አማካሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ዤዝ መልስ ሊሰጥ ሲነሣ ባሮኑ አዳራሹን ትቶ ወጣ። ከሳሽ ሆኖ መልሱን አለመስማት እንግዳ ነገር ነው።

በዚያው ወራት መንግሥታችን ሠራዊቱ ከወሰን 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲርቅ አዝዞ ነበር፤ ጠላት ምክንያት እንዳያገኝ ነው። መድፍ የተማረ ሰው ያለ ተኩስ የሚለቀቅ ኮረብታ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቃል። ለመልእክተኛው ግን ያ ባዶ መሬት ሰላም ፈላጊው ማን እንደ ሆነ በጉባኤ ፊት የሚያሳይ ምስክር ነበረ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ውሉን አፍርሳ ጦርነት እንደ ጀመረች ፈረደ። ፍርዱ እውነት ነበረ፤ ነገር ግን ለኢጣልያ ነዳጅ እንዳይሸጥ አልተከለከለም፤ የስዌዝም ቦይ ለመርከቦቿ አልተዘጋም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተሰደው በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመት ኖሩ። በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ስለ ሕይወታቸው በእጃቸው የጻፉት ታሪክ ከሞቱ በኋላ ታትሟል።