ብርቱና ታማኝ፦ ከረጅም ፍለጋ በኋላ ሥራ ላገኛችሁ



ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን በተማሩበት ሙያ ሥራ ለማግኘት ዓመታት ፈልገው አሁን ለተሳካላቸው ነው። ገና በፍለጋ ላይ ያላችሁም አትለፉት፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከእናንተው ቦታ ነው።

ሱረቱል ቀሶስ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እንዴት እንደተቀጠሩ ይተርክልናል። ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ የሚያስጠጋቸው ዘመድ አልነበራቸውም። ውሃው ዘንድ እረኞች መንጋቸውን ያጠጣሉ፤ ሁለት ሴቶች ግን የራሳቸውን ይዘው ራቅ ብለው ቆመዋል። ሙሳ (ዐ.ሰ) ምክንያቱን ጠየቁ፣ አጠጡላቸው፣ ዋጋ ሳይጠይቁም ወደ ጥላ ሄደው ችግራቸውን ለጌታቸው ነገሩ። መጀመሪያ ሠሩ፣ ከዚያ ዱዓ አደረጉ፣ ከዚያ ጥሪው መጣ።

ከሴቶቹ አንዷ አባቷ እንዲቀጥራቸው ስትመክር ያነሳችው ሁለት ነገር ነው፤ ቀዊይ (ብርቱ) እና አሚን (ታማኝ) መሆናቸውን። ወረቀት አላየችም፤ ሲሠሩ ግን አይታለች። ውሉም ግልጽ ነበር፦ 8 ዓመት፣ ከፈቀዱ 10። (ቀጣሪ የሆናችሁ ወንድሞች፣ ‹‹እስኪ ጀምር፣ ደመወዙን በኋላ እንነጋገራለን›› የምትሉትን ከዚህ ጋር አስተያዩት።)

በፊርዐውን ቤት ያደጉት ሰው የያዙት ሥራ እረኝነት ነበር። እናንተም ዲግሪያችሁን አስቀምጣችሁ በአጎት ሱቅ ሸጣችኋል፣ ኮብልስቶን ጠርባችኋል፣ አራት ኪሎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ‹‹የ2 ዓመት የሥራ ልምድ›› የሚለውን መስመር እያነበባችሁ ተመልሳችኋል። ያ ጊዜ ከሪዝቃችሁ የጎደለ አይደለም። አንዳንዱ ያንን መስመር ለማለፍ የሐሰት የልምድ ደብዳቤ ያሠራና ‹‹ሰበብ ማድረስ ነው›› ይላል። ይህ ሰበብ ሳይሆን ውሸት ነው፤ በሐቅ የተወዳደረን ሰው ተራም መንጠቅ ነው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ጥያቄ ይዞ መጣ። አካውንቲንግ ተምሮ፣ 3 ዓመት ፈልጎ፣ በአንድ ድርጅት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ለግብር የሚቀርበውን ሽያጭ ከትክክለኛው አሳንሶ እንዲመዘግብ ታዘዘ። ‹‹ኡስታዝ፣ ገና ሙከራ ላይ ነኝ። እምቢ ካልኩ ያባርሩኛል፤ እናቴ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች›› አለኝ።

‹‹ተወው፣ አላህ ይሰጥሃል›› ብሎ መሸኘት ለመካሪው ይቀላል። አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ ይጠይቅ፤ ያላየው ሰነድ ሊኖር ይችላል። ማጭበርበር መሆኑ ከተረጋገጠ ግን በእጁ አይጻፈው፣ አይፈርምበት። በአክብሮት ‹‹ይህን መመዝገብ አልችልም፤ ሌላውን ሥራ በሙሉ ልቤ እሠራለሁ›› ይበል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ በዚያ ውስጥ አሠሪው ‹‹ለሥራው ብቁ አይደለም›› ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ይህን አልደበቅኩትም። ‹‹ሪዛቁ አላህ ነው›› የሚለውን ቃል ግን 3 ዓመት ሙሉ ሲደጋግመው ኖሯል፤ ያኔ የሚያጣው ደመወዝ አልነበረውም፣ አሁን አለው።

ሄዶ ተናገረ። አለቃው ቅር አለው፣ መዝገቡንም ለሌላ ሰው ሰጠው። ልጁ እስካሁን እየሠራ ነው፤ በጎን ሌላ ሥራም ይፈልጋል።

ታማኝነት ብቻውንም አይበቃም፤ ብርታቱስ? ፒችትሪን በወጉ የማታውቁ ከሆነ ‹‹አውቃለሁ›› ብላችሁ የሰው ሒሳብ አታበላሹ። ‹‹አሳዩኝ›› በሉ፣ ማታ ቤታችሁ ተለማመዱ። ዙህርን በወቅቱ ለመስገድ ፈቃድ ጠይቁ፤ የ15 ደቂቃዋን ሶላት ግን አንድ ሰዓት አታድርጓት፤ ሰዓቱ የተከፈለበት አማና ነው።

አብሯችሁ ሰሌዳ ሲያነብ የነበረው ጓደኛችሁ ዛሬም እዚያው ነው። የሹመት ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ደውሉለት። መሥሪያ ቤታችሁ ማስታወቂያ ሲያወጣም ቀድማችሁ ላኩለት፤ የምዝገባው ቀን ካለፈ በኋላ አይደለም።

አላህ በፍለጋ ላይ ላሉት ሐላል ሪዝቅ ይክፈትላቸው። ጁሙዓ ሙባረክ!