ከንባብ አስቀድሞ ተረት መስማት ለሕፃናት እንደሚገባ

ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ባዶ እጁን አይመጣም። በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ ባሉት መንደሮች ብዙ ልጆች ፊደል ከመቍጠራቸው አስቀድሞ፣ ማታ በምድጃ ዳር ከአያቶቻቸው አፍ በኽምጣና ቋንቋ ተረት ሲሰሙ ያድጋሉ። የጦጣን ብልሃት፣ የጅብን ስስት ያውቃሉ፤ ነገር ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚደርስም ለይተዋል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሪው ፊደል ከቈጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ዳዊትን በግዕዝ ያነባል። ይህ ትምህርት ጆሮንና ምላስን ያቀናል፤ ምሥጢሩን ግን ልጁ የሚያገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በኽምጣና አፉን የፈታ ልጅም ያልለመደውን የአማርኛ ገጽ ብቻ እንዲያነብ ቢገደድ እንዲሁ ይሆንበታል፤ ድምፁ ይሰማል፣ ልቡ ግን ከመጽሐፉ ጋር አይገናኝም። ከዚህም የተነሣ ትጉው ልጅ ሰነፍ ይባላል፤ ተሰላችቶም ወደ እረኝነቱ ይመለሳል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያውን ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። እንግዲህ መንገዱ ተከፍቷልና አስተማሪ ይህን ሥርዓት ቢከተል መልካም ነው።

አንደኛ፤ በሳምንት አንድ ቀን ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ወይም ባልቴት ጋብዞ ተረት ያስነግር። ልጆቹም ጸጥ ብለው ይስሙ።

ሁለተኛ፤ የሰሙትን በተራ መልሰው ይንገሩ፤ አስተማሪውም በአጭር ቃል አድርጎ በሰሌዳ ላይ ይጻፈው። ልጁ የሚያውቀውን ነገር ሲያነብ ፊደሉ አያስፈራውም።

ሦስተኛ፤ አስተማሪው የአማርኛውን መጽሐፍ ሳይጣደፍ፣ ድምፁን እንደ ነገሩ ከፍና ዝቅ እያደረገ ያንብብላቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይምና፣ «ገና» የሚለው ቃል በዓሉ ይሁን ወይም ያልደረሰው ጊዜ፣ ልጁ አነባበቡን የሚለምደው በጆሮው ሰምቶ ነው። በመካከልም ጥቂት ቆም ብሎ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃቸው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሆነው ጦርነት በዋግ ኽምራ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ መጽሐፍም ለየልጁ ላይደርስ ይችላል። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ በመልካም አንባቢ እጅ ከገባ ለክፍሉ ሁሉ ይበቃል። ተረት ደግሞ እሳት አያገኘውም፤ የሚጠፋው የሚያውቀው ሽማግሌ ሳይጠየቅ ሲሞት ነው። ስለዚህ አስተማሪ ለመጠየቅ፣ ሽማግሌም ለመንገር አይዘግይ።