አዲስ ዓሣ ገንዳ ከመግባቱ በፊት

አዲስ የተገዛ ዓሣ በሳምንቱ ሲሞት መጀመሪያ የሚወቀሰው ሻጩ ነው። ሻጩ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚበላሸው ገንዳው ሳይዘጋጅ ዓሣው በመምጣቱ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። ይህን መርዝ የሚያከሽፉት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ገንዳ ውስጥ ይህ እስኪደላደል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣል ይደረጋል፤ ሲበሰብስ ለባክቴሪያዎቹ አሞኒያ ይሆናቸዋል። ጤናማ ገንዳ ያለው ወዳጅ ከስፖንጁ ቆርጦ ቢሰጥ ጊዜው በጣም ያጥራል። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይፈጀዋል። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ማጣሪያው ከቆመም ባክቴሪያው ስለሚጎዳ በማግስቱ ዓሣ መግዛት አይመከርም።

ኒዮን ቴትራን እንውሰድ። ከአማዞን ተፋሰስ የመጣ፣ ሰማያዊና ቀይ መስመር ያለው፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዓሣ ነው። ብቻውን ይጨነቃል፤ ቢያንስ ስድስት ሆኖ ይገዛል። ሱቅ ውስጥ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚዋኙት ይመረጣሉ። ከመካከላቸው አንድ የሞተ ከታየ ሌሎቹም ያንኑ ውሃ ተጋርተዋልና ከዚያ ገንዳ ምንም አይገዛም።

ኒዮን ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈልጋል። ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ዓሦቹ የታሰሩበት ላስቲክ በሹራብ ተጠቅልሎ ይምጣ፤ ጨለማውም ዓሦቹን ያረጋጋቸዋል።

ቤት እንደደረሱ የገንዳው መብራት ይጠፋል። ላስቲኩ ሳይፈታ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ሙቀቱ እኩል ይሆናል። ከዚያ አፉ ተከፍቶ ጠርዙ ወደ ውጭ ይጠቀለልና በየ5 ደቂቃው አንድ የቡና ሲኒ የገንዳ ውሃ ይጨመርበታል። ውሃው እጥፍ ሲሆን ዓሦቹ በመረብ ተነሥተው ይገባሉ። የላስቲኩ ውሃ ይደፋል እንጂ ገንዳ ውስጥ አይገለበጥም።

ረጅም መንገድ የመጣ ዓሣ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በታሰረው ላስቲክ ውስጥ ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃውን አሲዳማ ስለሚያደርገው አሞኒያው ብዙም ጉዳት በማያደርስ መልኩ ይቆያል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲድነቱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም ወደ መርዛማ መልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ዓሣ ሙቀቱ ከተስተካከለ በኋላ ሲኒው ቀርቶበት ቶሎ ወደ ንጹህ ውሃ ይዛወራል።

የሚዛወረውም ወደ ዋናው ገንዳ ባይሆን ይሻላል። ብዙዎች የሚዘሉት፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚጠቅመው እርምጃ ለይቶ ማቆያ ነው፦ 20 ሊትር ያህል የሚይዝ ንጹህ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ባክቴሪያ የለመደ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያና መደበቂያ። ከ2 እስከ 4 ሳምንት እዚያ ይቆያሉ። ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ከወጡባቸው ጥገኛ ተሕዋስ ይዟቸዋል፤ መድኃኒቱ እዚያው ይሰጣቸዋል፣ ነባሮቹም ይተርፋሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ተሕዋሱ በዝግታ ስለሚያድግ ምልክቱ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ቆይታው ይረዝማል።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሌላ ጣጣ አለው። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የአየር ፓምፑ ሌሊትም መሥራት አለበት፤ የዓሦቹም ቁጥር የውጭ አገር መመሪያዎች ከሚፈቅዱት ዝቅ ይበል።

ዓሦቹ ወደ ዋናው ገንዳ የሚዛወሩ ዕለት ድንጋዩና ተክሉ ቦታ ቢቀያየር ነባሮቹ የያዙት ግዛት ይፈርሳል፣ ማሳደዱም ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ አይሰጥም፤ በማግስቱ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ያህል ይበቃል። ሌላ ዓሣ የሚጨመረው ከ2 ሳምንት በኋላ፣ አሞኒያው ተለክቶ ዜሮ ከሆነ ነው።