ምክንያትን ስለ መፈለግና ስለ መመዘን

ሰው ኹሉ ምክንያት ይፈልጋል። ሕፃን ገና አፉን ሲፈታ «ለምን?» እያለ እናቱን ይጠይቃል። ሽማግሌም በሬው ቢሞትበት ወይም ዝናሙ ቢዘገይበት ምን አመጣው ብሎ ይመረምራል። ይህ ጠባይ መልካም ነው፤ ብዙ ዕውቀት የተገኘው ከዚህ ነውና። ነገር ግን ምክንያትን መፈለግ አንድ ነገር ነው፤ የተገኘውን ምክንያት መመዘን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው መፈለጉን ያውቃል፤ መመዘኑን ግን ይተዋል።

የሰው ልብ የሚያስጨንቀው ነገር ሲገጥመው ዕረፍት ይሻል። ስለዚህ የመዠመሪያውን መልስ ባገኘ ጊዜ፥ ጥላ እንዳገኘ ደካማ መንገደኛ ቍጭ ይላል። መልሱ እውነት ይኹን ሐሰት አይጠይቅም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ችኰላ ነው።

ለዚህ ነገር የወባ በሽታ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። የኢጣልያ ሰዎች ወባ የሚመጣው ከረግረግ ከሚነሣ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። «ማላሪያ» የሚባለው የበሽታው ስም እንኳ በቋንቋቸው ክፉ አየር ማለት ነው። ይህንም ያሉት በከንቱ አልነበረም። ረግረግ ባለበት አገር ወባ ይበዛል፤ በሌሊት በውጭ የሚያድር ሰው ይታመማል፤ ረግረጉም ሲደርቅ በሽታው ይቀንሳል። ያዩት ኹሉ ከአሳባቸው ጋራ ስለ ተስማማ፥ ሌላ ምክንያት ይኖር ይኾን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበረ። ቢንቢ ግን በዚያው ረግረግ ተወልዳ፥ በዚያው ሌሊት ወጥታ ትነድፋቸው ነበር።

በአውሮጳ አቈጣጠር በ1880 ዓመት ላቬራን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በአልጄርያ ሳለ በሕመምተኛ ደም ውስጥ የወባን ተሐዋሲ አየ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም በህንድ አገር ይህን ተሐዋሲ በቢንቢ ሆድ አገኘው። ይህም ኹሉ ተነግሮ፥ ክፉው አየር ነው የሚሉ ሰዎች ገና ብዙ ነበሩ።

ስለዚህ በ1900 ዓመት ፓትሪክ ማንሰን የተባለ ሐኪም ኹለቱን ምክንያቶች የሚለይ ፈተና አዘጋጀ። ሳምቦንና ሎው የተባሉ ሐኪሞች ከሮማ አጠገብ፥ ወባ በጸናበት በኦስትያ አገር፥ በአንዲት የእንጨት ቤት ሦስት ወር ያህል ተቀመጡ። በደጁና በመስኮቱ ላይ ቢንቢን የማያሳልፍ የሽቦ መረብ ተደረገ፤ የሌሊቱ አየር ግን እንደ ልቡ ይገባ ነበር። ሐኪሞቹ ፀሓይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት ይገቡ ነበር፤ ፀሓይ ከወጣች በኋላም ይወጡ ነበር። ጎረቤቶቻቸው በወባ ሲንቀጠቀጡ እነርሱ ደኅና ኾነው ሰነበቱ። በሽታውን የሚያመጣው አየሩ ቢኾን ኖሮ፥ ሌሊቱን ኹሉ ሲተነፍሱት ያደሩ ሰዎች ባልዳኑ ነበር።

በዚያው ዓመት የሕመምተኛ ደም የጠጡ ቢንቢዎች ከሮማ ወደ ለንደን ተላኩ። የማንሰን ልጅ በፈቃዱ ሥጋውን ሰጥቶ አስነደፈ። የኦስትያን አየር ሳይተነፍስ በወባ ታመመ፤ በኪኒንም ታክሞ ተሻለው። የመዠመሪያው ፈተና አየሩን አስገብቶ ቢንቢን ከለከለ፤ ኹለተኛው ቢንቢን አምጥቶ አየሩን ተወ። በዚህም እውነቱ ተገለጠ።

በኢትዮጵያም ብዙ ገበሬዎች ወባ የሚመጣው የበቆሎ እሸትና አገዳ ከመብላት ነው ይሉ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ እሸቱ ይደርሳል፤ ወባውም ያን ጊዜ ይበረታል። ነገር ግን ኹለት ነገሮች አብረው ስለ መጡ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያምን አባት ልጁን እሸት ይከለክለዋል፤ ማታ ግን ያለ አጎበር ያስተኛዋል። ልጁም ይራባል፤ ደግሞም ይታመማል። የተሳሳተ ምክንያት ጉዳቱ ይህ ነው።

ኾኖም የገበሬዎቹን አሳብ መናቅ አይገባም። በ2000 ዓመት የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ምርመራ፥ የበቆሎ አበባ ዱቄት በኵሬ ውሃ ላይ ሲወድቅ የቢንቢ እጮች እንደሚመገቡትና በደኅና እንደሚያድጉበት አሳይቷል። እንግዲህ በቆሎና ወባ የሚዛመዱ መኾናቸውን ገበሬዎቹ በእውነት አይተዋል፤ የሚዛመዱበትን መንገድ ግን ስተዋል።

ሌላም የልብ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ያላወቁትን ያወቁ መምሰል ነው። በ2002 ዓመት ሮዘንብሊትና ኪል የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት፥ የበር ቍልፍና የልብስ ስፌት መኪና እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል ታውቃላችሁ ብለው ሰዎችን ጠየቁ። ሰዎቹም ለዕውቀታቸው ነጥብ ሰጡ። በኋላ ግን አሠራሩን ተራ በተራ ጽፋችሁ አስረዱ በተባሉ ጊዜ፥ ያሰቡትን ያህል እንዳላወቁ ተረድተው ነጥባቸውን ዝቅ አደረጉ።

ስለዚህ አስተዋይ ተማሪ ምክንያት በተነገረው ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መዠመሪያ፥ ይህን ነገር ከመዠመሪያ እስከ መጨረሻ ለሌላ ሰው ላስረዳው እችላለሁን? ኹለተኛ፥ ያየሁትን ነገር ሌላ ምክንያት ሊያመጣው ይችላልን? ሦስተኛ፥ ኹለቱን ምክንያቶች የሚለያቸው ፈተና ምንድር ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ የሚያምን ሰው ባለማወቅ ራሱንና ቤተ ሰቡን ይጎዳል፤ ጠይቆ የሚያምን ግን ላመነው ነገር ምስክር አለው።

ጥያቄ።
1. የኢጣልያ ሰዎች ወባን ክፉ አየር ያመጣዋል ያሉት ምን ምን አይተው ነው?
2. በኦስትያ ቤት መስኮቱ ባይከፈትና አየሩ ባይገባ ኖሮ፥ ፈተናው እውነቱን ሊያስረዳ ይችል ነበርን? ስለ ምን?
3. በሰፈራችሁ ኹለት ነገሮች አብረው ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣዋል የሚባል ነገር አለን? እንዴትስ ይፈተናል?