ዋጋውን ወደ ፋብሪካው በር መመለስ

(በዋሽንግተን ዲሲ የጥብቅና ድርጅት ውስጥ የዓለም አቀፍ ንግድ ተንታኝ ሆነው በሠሩ አዛውንትና ሒሳብ አያያዝ ተምራ በጨረሰች ወጣት መካከል የተደረገ ምልልስ)

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ጠበቃ ሳይሆኑ በጥብቅና ድርጅት ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?

ጋሼ፦ ጠበቃው የሚከራከርበትን ቁጥር የሚያወጣው ተንታኙ ነው፣ ልጄ። ከሁሉ የሚበዛው የፀረ-ዳምፒንግ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ አምራቾች «ከውጭ የሚገባው ዕቃ ያለ ዋጋው እየተራገፈ ጎዳን» ብለው ያመለክታሉ። ንግድ ሚኒስቴሩ የዋጋውን ልዩነት ያሰላል፤ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽኑ ደግሞ አምራቹ በእርግጥ መጎዳቱን ይመረምራል። ሁለቱም ካልተስማሙ ቀረጡ አይጣልም።

ጠያቂዋ፦ ሁለት ዋጋ ማወዳደር ታዲያ ምን ያስቸግራል?

ጋሼ፦ እንዳለ ከተወዳደረ ሐሰት ይሆናላ! በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ፋብሪካ ዕቃውን በአገሩም በአሜሪካም በ12 ዶላር ይሸጣል እንበል። ላይ ላዩን ሲታይ ልዩነት የለም። ነገር ግን በአገሩ ሲሸጥ ለጭነት መኪና 1 ዶላር ከፍሏል፤ ወደ አሜሪካ ሲልክ ደግሞ ለመርከብ፣ ለኢንሹራንስና ለወደብ 2 ዶላር አውጥቷል። ሁለቱንም ወደ ፋብሪካው በር ስትመልሻቸው 11 እና 10 ይሆናሉ። የ1 ዶላሩ ልዩነት ለ10 ሲካፈል 10 በመቶ ነው።

ጠያቂዋ፦ የመኪናው ደረሰኝ ቢጠፋስ?

ጋሼ፦ የሥራውን ልብ ነው የጠየቅሽኝ። ያቺ 1 ዶላር ላትቀነስለት ትችላለች። ያን ጊዜ 12 እና 10 ይሆንና ልዩነቱ 20 በመቶ ይደርሳል። ፋብሪካው ማንንም አላታለለም፤ ወረቀቱን ግን አላስቀመጠም። ስለዚህ ተንታኝ ቀኑን ሙሉ ኢንቮይሱን ከመጫኛ ሰነዱ፣ ሰነዱን ከባንክ ደረሰኙ፣ ደረሰኙን ከሒሳብ መዝገቡ ጋር ሲያመሳክር ይውላል።

ጠያቂዋ፦ ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ማነው?

ጋሼ፦ ሚኒስቴሩ ነው፣ በረጅም መጠይቅ። «ኤ» ክፍል ስለ ድርጅቱ አወቃቀር፣ «ቢ» ስለ አገር ውስጥ ሽያጭ፣ «ሲ» ስለ አሜሪካ ሽያጭ፣ «ዲ» ስለ ማምረቻ ወጪ። የዓመት ድምር አቅርቦ መገላገል የለም፤ ሽያጩ አንድ በአንድ ይዘረዘራል። ከዚያ መርማሪዎች ፋብሪካው ድረስ ሄደው መልሱን ከመዝገቡ ጋር ሊያስተያዩ ይችላሉ። ያልተባበረ ድርጅት ደግሞ ከቀረበው መረጃ ውስጥ እሱን የሚጎዳው ተመርጦ ሊሰላበት ይችላል። መጠይቁን ፈርተው ዝም የሚሉ ላኪዎች ያሳዝኑኛል፤ ዝምታ የሚያድን ይመስላቸዋል።

ጠያቂዋ፦ ሁሉም አገር በአንድ ዓይን ይታያል?

ጋሼ፦ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የካትፊሽ ዓሣ አርቢዎች ከቬትናም በሚመጣው የቀዘቀዘ የዓሣ ሥጋ ላይ አመለከቱ። ሚኒስቴሩ ቬትናምን «በገበያ የማይመራ ኢኮኖሚ» ብሎ መደባት። ስለዚህ ዓሣውን ለማምረት ምን ያህል ግብአት እንደገባ ከቬትናም ተወሰደ፤ የግብአቱ ዋጋ ግን በአብዛኛው በምትክነት ከተመረጠችው ከባንግላዴሽ መጣ። በ2003 ቀረጡ ጸና፤ የራሳቸው መጠን ላልተወሰነላቸው ላኪዎች 63.88 በመቶ ሆነ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በቬትናም የሜኮንግ ወንዝ ዓሣ አርቢ ራሱ ባልከፈለው ዋጋ መለካቱ ዛሬም አይዋጥልኝም። ምትክ አገር ሆና የትኛዋ ትመረጥ የሚለው ክርክር ብቻውን የክሱን ውጤት ሊገለብጥ ይችላል። እዚያ ላይ ነው የተንታኙ ፍለጋ ዋጋ የሚያገኘው።

ጠያቂዋ፦ የተቀናቃኝ ድርጅቶችን መረጃም ያያሉ ማለት ነው?

ጋሼ፦ በምስጢር ጥበቃ ትእዛዝ ሥር ከሆነ፣ አዎ። የተቀናቃኙን ዋጋ፣ የደንበኞቹን ስም፣ ወጪውን ታያለሽ፤ ደመወዝሽ ከኪሱ ለሚወጣው ለራስሽ ደንበኛ ግን አንዲት ቁጥር አትነግሪውም። ምስጢር የሆነው ሁሉ በቅንፍ ይታጠራል፤ ለሕዝብ በሚወጣው ቅጂ ላይ ይሰረዛል። አንድ ቅንፍ ከዘለልሽ የሌላ ሰው የንግድ ምስጢር አደባባይ ወጣ ማለት ነው፤ ጥፋቱ ከሥራው እስከ መታገድ ያደርሳል። ደንበኛው «እንዲያው በግምት እንኳ ንገሪኝ» ብሎ ሲለምንሽ እንቢ ማለት ከስሌቱ ሁሉ ይከብዳል። ይህን የማይችል ሰው ሒሳቡ ምንም ያህል ቢሰላለት ለሙያው አይሆንም።

ጠያቂዋ፦ ይህ ሙያ ለአገራችንስ ምን ይጠቅማል?

ጋሼ፦ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 የአፍሪካ ዕቃዎች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገቡ ከተደነገገው ከአጎዋ ሕግ ስትወጣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ለሚሰፉት ዱብ ዕዳ ነበር፤ ልብስ ያለ አጎዋ ከባድ ቀረጥ አለበት። ጥሬ ቡናችን ግን ቀድሞም በመደበኛው የታሪፍ መዝገብ ነፃ ስለነበር ያ ውሳኔ አልነካውም። ሁለቱን ሳይለይ የሚደነግጥም የሚጽናናም ሰው ብዙ ነው። ላኪዎቻችን የታሪፍ መዝገቡን በራሳቸው ሰው ማስነበብ አለባቸው፤ ክስ ከመጣ በኋላ ሰነድ መፈለግ ዘግይቷል።

ጠያቂዋ፦ እኔ ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ሒሳብሽን አትተዪ፤ ሕጉን ጨምሪበት። የአሜሪካ የታሪፍ መዝገብ በኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ዛሬ ማታ ምዕራፍ 9ን ክፈቺ፤ ከ0901 ጀምረሽ በቡና ሥር ያለውን እያንዳንዱን መስመር ከነግርጌ ማስታወሻው አንብቢ። ያልገባሽን ይዘሽ ነገ ነይ።